የእንስሳት አተነፋፈስ በጎጃም ደጋ

የእንስሳት አተነፋፈስ እንስሳት ከሚኖሩበት አየር ወይም ውሃ ኦክስጅን የሚወስዱበትና በሰውነታቸው ውስጥ የተፈጠረውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያስወግዱበት ሂደት ነው። ዓላማው በሁሉም ዘንድ አንድ ሲሆን መንገዱ ግን ይለያያል፤ ላም በሳንባ፣ ዓሣ በስንጥብ፣ ንብ በቀጫጭን የአየር ቱቦዎች፣ የምድር ትል ደግሞ በቆዳው ብቻ ይተነፍሳል። ይህ መጣጥፍ በደብረ ማርቆስ፣ በጮቄ ተራራ፣ በአባይ ሸለቆና በጣና ሐይቅ ዙሪያ የሚገኙ እንስሳትን በምሳሌነት ይወስዳል። አካባቢው ለጉዳዩ የሚመች ነው፤ ደጀን አጠገብ ካለው የአባይ በረሃ ወለል እስከ ጮቄ ጫፍ ወደ 3,000 ሜትር የሚደርስ የከፍታ ልዩነት ስላለ፣ አየሩ ሲሳሳና ውሃው ኦክስጅን ሲያጣ እንስሳት ምን እንደሚያደርጉ በአንድ አገር ውስጥ ማየት ይቻላል።

መሠረቱ

በዕለት ተዕለት ንግግር መተንፈስ ማለት አየር ማስገባትና ማስወጣት ነው። በሥነ ሕይወት ግን ሁለት ነገሮች ተለይተው ይታያሉ። አንደኛው የጋዝ ልውውጥ ነው፤ ይህም ኦክስጅን ከውጭ ወደ ደም፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም ወደ ውጭ የሚያልፍበት ነው። ሁለተኛው የህዋስ አተነፋፈስ ይባላል። በእያንዳንዱ ህዋስ ውስጥ፣ በተለይም ማይቶኮንድሪያ በሚባሉት ክፍሎቹ፣ ከምግብ የተገኘው ስኳርና ስብ በኦክስጅን አማካይነት ተሰባብሮ ጉልበት ይሰጣል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይተርፋሉ። ደረት ከፍ ዝቅ የሚለው ለዚህ ለሁለተኛው ሲባል ነው። ልዩነቱ ለፈተና ብቻ የሚጠና አለመሆኑ ከዚህ በታች በብርብራ ምሳሌ ይታያል።

ጋዝ በብዛት ካለበት ቦታ ጥቂት ወዳለበት ቦታ ራሱ ይሄዳል፤ ገፊ አያስፈልገውም። ይሁንና ይህ ጉዞ ፈጣን የሚሆነው ለአጭር ርቀት ብቻ ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚፈጀው ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ውፍረታቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር ገደማ የማያልፍ ጥቃቅን እንስሳት ምንም ዓይነት የመተንፈሻ አካል ሳያስፈልጋቸው ይኖራሉ። ከዚያ የሚበልጡት ግን ስስ፣ ሰፊና እርጥብ የሆነ ገጽ ያሻቸዋል። እርጥበቱ የሚያስፈልገው ኦክስጅን የህዋስን ሽፋን የሚያልፈው በውሃ ሟሙቶ ስለሆነ ነው። ሳንባም ሆነ ስንጥብ ይህን ሰፊ እርጥብ ገጽ በጠባብ ቦታ አጣጥፎ የማስቀመጫ ዘዴ ነው ማለት ይቻላል።

ከፍታና የአየር ግፊት

በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ በጮቄ ጫፍም ሆነ በቀይ ባሕር ዳርቻ ያው 21 በመቶ ገደማ ነው። «ደጋ ላይ የኦክስጅን መቶኛው ያንሳል» የሚለው አባባል በተማሪዎች ዘንድ የተለመደ ስህተት ነው። የሚያንሰው የአየሩ ግፊት ነው፤ ግፊቱ ሲቀንስ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። የባሕር ወለል ግፊት 100 ቢባል፣ በ1,050 ሜትር ገደማ ላይ ባለው የአባይ በረሃ ድልድይ ዙሪያ 88፣ በ2,446 ሜትር ላይ ባለችው ደብረ ማርቆስ 74፣ ወደ 4,100 ሜትር በሚደርሰው የጮቄ ጫፍ ደግሞ 60 ያህል ይሆናል። በሌላ አነጋገር በጮቄ ጫፍ ላይ የሚሰማራ በግ በባሕር ዳርቻ ያለ በግ በስድስት ትንፋሽ የሚያገኘውን ኦክስጅን ለማግኘት አሥር ጊዜ መተንፈስ አለበት፤ ወይም ደግሞ ደሙ ያገኘውን ጥቂት ኦክስጅን አሟጦ መጠቀም ይኖርበታል።

በውሃ ውስጥ ችግሩ የባሰ ነው። በ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በባሕር ወለል ላይ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን 9 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ሲሆን፣ አንድ ሊትር አየር ግን 280 ሚሊ ግራም ያህል ይይዛል። 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው በጣና ደግሞ ውሃው የሚይዘው ወደ 7 ሚሊ ግራም ይወርዳል። ውሃው ሲሞቅ መጠኑ የበለጠ ያንሳል።

ስንጥብ፦ የጣና ዓሦች

ዓሣ ውሃን በአፉ አስገብቶ በጉንጩ ጎን ባለው ክዳን ሥር ያስወጣዋል። በመካከል ውሃው በስንጥቡ ላይ ያልፋል። ስንጥብ ቀይ ማበጠሪያ የሚመስል፣ በደም ሥሮች የተሞላ ስስ ሥጋ ነው። ገበያ ላይ ትኩስ ዓሣ የሚመረጠው ክዳኑ ተገልጦ ስንጥቡ ደማቅ ቀይ መሆኑ ታይቶ ነው። በስንጥቡ ውስጥ ደሙ የሚፈሰው ከውሃው በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ይህ ቀላል የሚመስል አሠራር ትልቅ ጥቅም አለው፤ ደሙ በኦክስጅን እየበለጸገ ሲሄድ ከእርሱ የበለጠ ኦክስጅን ያለው አዲስ ውሃ ያገኛል፤ ስለዚህ ልውውጡ በመንገዱ ሁሉ አይቋረጥም። ሁለቱ በአንድ አቅጣጫ ቢፈሱ ኖሮ ዓሣው ከግማሽ በላይ ሊወስድ ባልቻለ ነበር፤ በተቃራኒ ፍሰት ግን አንዳንድ ዓሦች ውሃው ከያዘው ኦክስጅን እስከ 80 በመቶ ይወስዳሉ። ዓሣ ከውሃ ሲወጣ የሚታፈነው አየሩ ኦክስጅን ስላነሰው ሳይሆን የስንጥቡ ክሮች ያለ ውሃ ድጋፍ ተጣብቀው ገጻቸው ስለሚጠብና ስለሚደርቁ ነው።

በጣና የሚገኙት ዋና ዋና የዓሣ ወገኖች ለኦክስጅን እጥረት ያላቸው መቻል እኩል አይደለም። ላቤኦባርበስ የተባለው ወገን፣ በአካባቢው ነጭ ዓሣ ከሚባሉት ውስጥ የሚገኘው፣ በሐይቁ ውስጥ ብቻ ወደ ተገኙ በርካታ ዝርያዎች በመከፋፈሉ በዓለም የታወቀ ነው። ብዙዎቹ ዝርያዎች በክረምት እንደ ግልገል አባይና ጉማራ ወዳሉ ገባር ወንዞች ወጥተው በጠጠር መካከል እንቁላል ይጥላሉ። እንቁላሉ ስንጥብ የለውም፤ ኦክስጅን የሚያገኘው በጠጠሩ መካከል ከሚያልፈው ንጹሕ ፈሳሽ ውሃ በቀጥታ በሽፋኑ በኩል ነው። ስለዚህ ከታረሰ ተዳፋት የሚወርድ ደለል ጠጠሩን ሲደፍነው፣ ወይም ጠጠሩ ራሱ ለግንባታ ተጭኖ ሲሄድ፣ እንቁላሉ ሳይፈለፈል ይታፈናል።

አምባዛ ሌላ ነው። ይህ ሹል ጢም ያለው፣ ቅርፊት የሌለው ዓሣ ከስንጥቡ በላይ ባለው ክፍተት ውስጥ ቅርንጫፍ ያለው ዛፍ የሚመስል ተጨማሪ አካል አለው። ወደ ውሃው ገጽ ብቅ ብሎ አየር ይጎርስና ከዚያ ኦክስጅን ይወስዳል። በበጋ ጭቃ ብቻ በቀረበት ኩሬ ሌሎች ዓሦች ሲያልቁ አምባዛ የሚተርፈው በዚህ ነው። ቆዳው እርጥብ እስከሆነ ድረስም ከውሃ ውጭ ረዘም ያለ ጊዜ ይቆያል።

እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ መታየቱ የተረጋገጠው እምቦጭ የተባለው ተንሳፋፊ አረም ይህን ልዩነት የዕለት ጉዳይ አድርጎታል። አረሙ ውሃውን እንደ ምንጣፍ ሲሸፍነው ብርሃን ወደ ታች አይገባም፤ በውሃው ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ዕፅዋት ኦክስጅን መሥራት ያቆማሉ፤ ነፋስም ውሃውን ከአየር ጋር አያደባልቀውም። የሞተው አረም ሲበሰብስ ደግሞ ባክቴሪያዎች የቀረውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። በእንዲህ ያለ ውሃ ሥር አምባዛ ሊኖር ይችላል፤ በስንጥቡ ብቻ የሚተማመን ዓሣ ግን ወይ ይሸሻል ወይ ይሞታል።

ብርብራ

ብርብራ በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅል ዛፍ ነው። የደረቀ ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲበተን ዓሣው ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ በጣና ገባር ወንዞችም ለዓሣ ማጥመጃነት ሲያገለግል ኖሯል። ብዙ ሰው ፍሬው ዓሣውን «ያሰክረዋል» ይላል። በእርግጥ የሚሆነው ሌላ ነው። በፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የተባለ ንጥረ ነገር በስንጥቡ በኩል ወደ ደም ይገባና በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ኦክስጅን ጥቅም ላይ የሚውልበትን ሰንሰለት ከመጀመሪያው እርከን ይቆርጠዋል። ውሃው ኦክስጅን አለው፤ ስንጥቡ ይሠራል፤ ደሙም ኦክስጅን ተሸክሟል፤ ዓሣው ግን ህዋሱ ሊጠቀምበት ስላልቻለ ይታፈናል። መሣሪያው ሁሉ ደህና ሆኖ ሥራው የቆመበት ስለሆነ በጋዝ ልውውጥና በህዋስ አተነፋፈስ መካከል ያለውን ልዩነት ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ጉዳቱ ግን ትምህርት ብቻ አይደለም። ብርብራ ትልቁን ከትንሹ አይለይም፤ ዓሦቹ እንቁላል ለመጣል ወንዝ ውስጥ በተሰበሰቡበት ወቅት ከተበተነ እናቱንም ጫጩቱንም፣ የውሃ ነፍሳቱንም አብሮ ይጨርሳል።

በቆዳ መተንፈስ

የምድር ትል ሳንባም ስንጥብም የለውም። ኦክስጅን በእርጥብ ቆዳው ገብቶ ከቆዳው ሥር ባሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይወሰዳል። ቆዳው ከደረቀ ይሞታል፤ ለዚህም ነው በፀሐይ ላይ የቀረ ትል ብዙ የማይቆየው። በጎጃም ሜዳማ ቦታዎች የሚገኘው ጥቁር የዋልካ አፈር በክረምት ውሃ ሲቋጥር በአፈሩ ቀዳዳዎች የነበረው አየር ይወጣል፤ ያን ጊዜ ለትሉም ለሰብሉ ሥርም ኦክስጅን ያንሳል። ውሃ ማንጣፈፊያ ቦይ የሚወጣበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አልቅትም በቆዳው ይተነፍሳል። ከብቶች ከኩሬ ወይም ከምንጭ ሲጠጡ ትንሽ አልቅት ወደ አፍንጫቸውና ጉሮሯቸው ትገባለች። እዚያ ተጣብቃ ደም እየመጠጠች ስታብጥ የአየር መንገዱን ታጠብበዋለች፤ ከብቱ ያስላል፣ ያንኮራፋል፣ አንዳንዴም ይታፈናል። ሰውም ሳያጣራ ከጠጣ ከዚህ አደጋ አያመልጥም።

እንቁራሪት በሕይወት ዘመኗ ሦስቱንም መንገድ ትጠቀማለች። ከእንቁላል የወጣው ጭራ ያለው እጭ በስንጥብ ይተነፍሳል፤ ሲያድግ ስንጥቡ ጠፍቶ ሳንባ ያወጣል፤ ቆዳው ደግሞ እስከ መጨረሻው ይሠራል። እንቁራሪት የጎድን አጥንት ደረቷን የሚከፍትላት ዓይነት ስላልሆነ አየርን የምትስበው ሳይሆን የምትውጠው ነው፤ ከመንጋጋዋ ሥር ያለው ቆዳ ያለማቋረጥ ከፍ ዝቅ የሚለው አየሩን ወደ ሳንባዋ ስትገፋው ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በብዛት የሚወጣው ግን በቆዳዋ በኩል ነው። ከጎጃም ደጋ የታወቀችውና እ.ኤ.አ. በ1977 በሳይንስ የተገለጸችው ሌፕቶፔሊስ ያልደኒ የተባለች እንቁራሪት በኢትዮጵያ ብቻ ትገኛለች። በቆዳ የሚተነፍስ እንስሳ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ሁሉ ወደ ሰውነቱ ስለሚያስገባ፣ ከማሳ የሚታጠብ ፀረ ተባይ መርዝ እንቁራሪቶችን በቀላሉ ይጎዳል።

ነፍሳት

የነፍሳት ደም ኦክስጅን የማመላለስ ሥራ የለበትም ማለት ይቻላል። በጎናቸው የተደረደሩ ትንንሽ ቀዳዳዎች ወደ አየር ቱቦዎች ይከፈታሉ፤ ቱቦዎቹም እየቀጠኑ ተከፋፍለው እስከ እያንዳንዱ ጡንቻ ድረስ ይደርሳሉ። ንብ ስታርፍ ሆዷ ሲሳብና ሲዘረጋ የሚታየው በቱቦዎቹ ውስጥ ያለውን አየር ስታንቀሳቅስ ነው።

ቀፎውም በራሱ መንገድ ይተነፍሳል። በጎጃም የተለመደው ረዥምና ክብ ባህላዊ ቀፎ አንድ ትንሽ መግቢያ ብቻ ሲኖረው በውስጡ በሺህ የሚቆጠሩ ንቦች ይኖራሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲበዛ አንዳንድ ንቦች ባሉበት ቆመው ክንፋቸውን በማርገብገብ የታመቀውን አየር ያስወጣሉ።

ነቀዝ የተቀመጠ በቆሎ የሚጨርሰው አየር ስላለው ነው። አየር በማያስገባ ከረጢት በደንብ ታስሮ የተቀመጠ እህል ውስጥ ነቀዙ ራሱ ያለውን ኦክስጅን ተንፍሶ ይጨርሰዋል፤ መጠኑ በጣም ሲወርድ መብላትና መራባት ያቆማል። የሚሞተውም በመታፈን ብቻ አይደለም። ነቀዝ ከደረቅ እህል ውሃ የሚያገኘው ምግቡን በኦክስጅን ሲያቃጥል ነው፤ ኦክስጅን ሲያጣ ውሃም ያጣል። ለዚህ ዘዴ ኬሚካል አያስፈልግም፤ ከረጢቱ በአይጥ ከተቀደደ ግን ከንቱ ነው።

የወባ ትንኝ እጭ በውሃ ውስጥ እየኖረ የሚተነፍሰው ከአየር ነው። ከገጹ ሥር አግድም ተኝቶ በጀርባው ጫፍ ባሉት ቀዳዳዎች አየር ይወስዳል። ኩሌክስ የተባለችው ሌላዋ ትንኝ እጭ ግን በቱቦ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ይታያል። በውሃው ገጽ ላይ ስስ ዘይት ሲፈስ ሁለቱም የሚሞቱት መተንፈሻቸው ስለሚደፈን ነው።

ወፎች

ዶሮ ያጸዳ ሰው ሳንባዋ እንደ በግ ሳንባ በደረት ውስጥ ተንጠልጥሎ እንደማይገኝ ያውቃል፤ በጎድን አጥንቶቿ መካከል ተጣብቆ በጣት ተፍቆ የሚወጣ ትንሽ ቀይ ነገር ነው። የወፍ ሳንባ አይነፋም፣ አይጨማደድም። አየሩን የሚያንቀሳቅሱት ከሳንባው ፊትና ኋላ ያሉት፣ ብዙውን ጊዜ ዘጠኝ የሚሆኑት፣ ስስ የአየር ከረጢቶች ናቸው። ወፏ አየር ስታስገባ አብዛኛው ወደ ኋለኞቹ ከረጢቶች ይሄዳል፤ ስታስወጣ ከዚያ ወደ ሳንባው ያልፋል፤ በሁለተኛው ትንፋሽ ወደ ፊተኞቹ ከረጢቶች ከገባ በኋላ ይወጣል። ስለዚህ በሳንባው ውስጥ አየሩ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ያልፋል፤ በአጥቢዎች ሳንባ እንደሚሆነው አዲሱ ከአሮጌው ጋር አይደባለቅም።

ጥቅሙ ከፍታ ላይ ይታያል። በኢትዮጵያ ደጋዎች ከሚኖሩት ጥንብ አንሳዎች አንዱ፣ ሩፔል የሚባለው ዝርያ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በአይቮሪ ኮስት ሰማይ ላይ 11,000 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል። ሰው በዚያ ከፍታ ያለ ተጨማሪ ኦክስጅን ራሱን ለመሳት ከአንድ ደቂቃ ገደማ በላይ አይፈጅበትም።

ወፍ ድያፍራም የላትም፤ የምትተነፍሰው የደረት አጥንቷ ወደ ታችና ወደ ላይ ሲንቀሳቀስ ነው። በዚህ ምክንያት ጫጩትን ደረቷ ላይ አጥብቆ የያዘ ልጅ አፍንጫዋን ሳይነካ ሊያፍናት ይችላል። ጫጩቷ ከመፈልፈሏ በፊትም ትተነፍሳለች፤ በእንቁላሉ ቅርፊት ላይ ያሉት በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ለ21 ቀን ኦክስጅን ያስገቡላታል።

አጥቢዎችና ሰው

አጥቢዎች ድያፍራም በሚባለው ከሳንባ ሥር ባለ ጡንቻ አየር ይስባሉ። የአየር ቧንቧው እየተከፋፈለ በመቶ ሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ቋቶች ያበቃል፤ የሰው ልጅ የሳንባ ቋቶች ቢዘረጉ ወደ 70 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ይኖራቸዋል። በደም ውስጥ ኦክስጅኑን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን የተባለው ብረት ያለበት ፕሮቲን ነው።

ከአጥቢዎች መካከል ፈረስ ልዩ ነው፤ በአፉ መተንፈስ አይችልም። በአዊ በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ የሚጋልቡት ፈረሶች አፍንጫ ያን ያህል የሚሰፋው አየር የሚገባበት ሌላ በር ስለሌላቸው ነው። ፈረስ በሙሉ ፍጥነት ሲጋልብ በእያንዳንዱ ዝላይ አንድ ጊዜ ይተነፍሳል።

ከቆላ ወደ ደጋ የወጣ እንስሳ ሳንባው ውስጥ ያሉት የደም ሥሮች ኦክስጅን ሲያንስባቸው ይጠብባሉ፤ ልብም ደሙን ለመግፋት ይቸገራል። በአሜሪካ ኮሎራዶ ተራሮች ወደ ከፍታ በተወሰዱ ከብቶች ላይ በዚህ ምክንያት ደረት የሚያሳብጥና የሚገድል በሽታ ይታያል።

በሰው ዘንድ የተለመደው ምላሽ ቀይ የደም ህዋስን ማብዛት ነው። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች በዚህ የታወቁ ናቸው፤ ደም ሲወፍር ግን ልብ ይደክማል። ከጣና በስተሰሜን በሰሜን ተራሮች የተገኘው ውጤት ከዚህ የተለየ ነበር። ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ሰብእ ተመራማሪና ባልደረቦቿ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 የአማራ ደገኞችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት፣ የሄሞግሎቢኑ መጠን በወንዶች በአማካይ 15.9፣ በሴቶች 15.0 ግራም በዴሲ ሊትር፣ በኦክስጅን የተሞላው የሄሞግሎቢን ድርሻ ደግሞ 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ በባሕር ወለል አካባቢ ከሚኖሩ ሰዎች ብዙም የማይለይ ነው። የቲቤት ደገኞች ሄሞግሎቢናቸው ባይበዛም የኦክስጅን ሙሌታቸው ዝቅ ያለ ነው። በመሆኑም ጥናቱ ከአንዲስና ከቲቤት ቀጥሎ ሦስተኛ ዓይነት የከፍታ መላመድ እንዳለ አመለከተ። ከዚያ በኋላ የተደረጉ የዘረመል ጥናቶች ከኦክስጅን እጥረት ጋር የተያያዙ የተለያዩ ዘረመሎችን ጠቁመዋል፤ አንድ ብቻውን ሁሉን የሚያስረዳ ግን አልተገኘም።

ከፍታን የለመደ ደም ግን ከከሰል ጭስ አያድንም። ከሰል በተዘጋ ክፍል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ነው። ጥቂቱ እንኳ የኦክስጅኑን ቦታ ይይዛል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ይጀምራል፤ የተኛ ሰው ግን ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። በደጋ ብርድ፣ በተለይም በክረምት ሌሊት፣ ከሰል ክፍል ውስጥ አስገብቶ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት አደገኛ የሚሆነው በዚህ ነው። ጭሱ መጥፋቱና ከሰሉ መቅላቱ ጋዙ መቆሙን አያሳይም። የተጎዳ ሰው ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ወጥቶ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት፤ ሕክምናውም ኦክስጅን በብዛት መስጠት ነው።